ጆሴፍ ፎሪየር፦ የምስልን ሸክም ያቀለለው የልብስ ሰፊ ልጅ

አርሶ አደሩ በማሳው ውስጥ ቆሞ፣ ቢጫ ዱቄት የተነሰነሰበት የመሰለውን የስንዴ ቅጠል በእጅ ስልኩ ፎቶግራፍ ያነሣል፤ ለቀበሌው የግብርና ባለሙያም ይልካል። ኔትወርኩ ደካማ ቢሆንም ምስሉ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይደርሳል። ባለሙያው ቅጠሉን አይቶ ዋግ መሆን አለመሆኑን ይለያል። መድኃኒት ይረጭ ወይስ ይቆይ የሚለው ውሳኔም በዚያች አንዲት ምስል ላይ ይመሠረታል።

ይህ ቀላል የሚመስል ተግባር ከጀርባው ብዙ ስሌት አለበት። ወርዱ 4000፣ ቁመቱ 3000 ነጥብ የሆነ ፎቶግራፍ 12 ሚሊዮን ነጥቦችን ይይዛል። እያንዳንዱ ነጥብ ቀለሙን የሚገልጹ ሦስት ቁጥሮች ስላሉት፣ ምስሉ እንዳለ ቢቀመጥ 36 ሜጋባይት ያህል ቦታ ይፈልጋል። በስልካችን የምናገኘው ፋይል ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ሜጋባይት ብቻ ነው። የቀረው ወዴት ሄደ? ያ ሁሉ ተቀንሶ ሳለ ቅጠሉ ቅጠል መስሎ የሚታየውስ እንዴት ነው?

የመልሱ ሥር የሚገኘው ካሜራ ባልተስፋፋበት፣ ኮምፒውተርም ባልነበረበት ዘመን በኖረ አንድ ፈረንሳዊ ሥራ ውስጥ ነው። ሰውየው ዣን ባፕቲስት ጆሴፍ ፎሪየር ይባላል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፎሪየር ማርች 21 ቀን 1768 ኦሴር በተባለች የፈረንሳይ ከተማ ተወለደ። አባቱ ልብስ ሰፊ ነበር። ቤቱ ልጆች የበዙበት፣ ገንዘብ ግን ያልበዛበት ነበር። ፎሪየር ዐሥር ዓመት ገደማ ሲሆነው እናቱንም አባቱንም በሞት አጣ። ወላጅ አልባ የሆነው ብላቴና በበጎ ሰዎች ርዳታ በከተማው በሚገኝ፣ የቤኔዲክቲን መነኮሳት በሚያስተዳድሩት ወታደራዊ ትምህርት ቤት ገባ። በዚያም ለሒሳብ ያለው ፍቅር ወዲያው ተገለጠ። ሌሎች ተማሪዎች ሲተኙ እርሱ ተቃጥለው ያለቁ የሻማ ቁራጮችን ሰብስቦ፣ በእነርሱ ብርሃን ሌሊቱን ያነብ እንደነበር ይነገርለታል።

የወጣቱ ምኞት የመድፈኛ መኮንን መሆን ነበር። በዚያ ዘመን ፈረንሳይ ግን እንዲህ ያለው ማዕርግ ለመሳፍንትና ለመኳንንት ልጆች የተጠበቀ በመሆኑ የልብስ ሰፊ ልጅ ችሎታ ቢኖረውም በሩ ተዘጋበት። ፎሪየር ወደ ገዳም ፊቱን መልሶ ለምንኩስና መዘጋጀት ጀመረ። በ1789 የፈረንሳይ አብዮት ሲፈነዳ ግን መሐላውን ሳይፈጽም ከገዳም ወጣና በተማረበት ትምህርት ቤት መምህር ሆነ።

አብዮቱ ለድኻ ልጆች በር ከፈተ፤ የብዙዎችንም አንገት ቀላ። ፎሪየር በትውልድ ከተማው የአብዮቱ ኮሚቴ አባል ሆኖ ሲሠራ፣ በግፍ ለተከሰሱ ሰዎች ጥብቅና በመቆሙ በጥርጣሬ ዐይን ታየ። በ1794ም ታሰረ። በዚያ ዘመን ከእስር ቤት ወደ ሞት የሚያደርሰው መንገድ አጭር ነበር። ይሁን እንጂ የሽብሩ መሪ ሮቤስፒየር በዚያው ዓመት ጁላይ ወር ወድቆ ሲገደል ፎሪየር ነጻ ወጣ። በማግስቱ ዓመት ፓሪስ በተከፈተው የመምህራን ትምህርት ቤት ገብቶ፣ በዘመኑ ስመ ጥር ከነበሩት የሒሳብ ሊቃውንት ከላግራንዥ፣ ከላፕላስና ከሞንዥ ተማረ። ብዙም ሳይቆይ በዕውቁ የፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤት መምህር ሆነ፤ በ1797ም የላግራንዥን ወንበር ተረከበ።

በ1798 ናፖሊዮን ቦናፓርት ወደ ግብፅ ሲዘምት ወታደሮችን ብቻ ሳይሆን ሊቃውንትንም ይዞ ሄዷል። ከእነርሱ አንዱ ፎሪየር ነበር። በካይሮ የተቋቋመው የሊቃውንት ጉባኤ ጸሐፊ ሆኖ አገለገለ፤ የጥንቷን ግብፅ ቅርሶች ያጠኑትን ሰዎች ሥራ አስተባበረ። በ1801 ወደ አገሩ ሲመለስ ወደ ማስተማሩ ለመመለስ ያስብ ነበር። ናፖሊዮን ግን ሌላ ሥራ ሰጠው፤ በ1802 በአልፕስ ተራሮች ግርጌ የምትገኘውን የኢዜር አውራጃ እንዲያስተዳድር ሾመው። መቀመጫውም የግርኖብል ከተማ ሆነ።

ስለዚህ ሰው ሲነገር ብዙ ጊዜ የሒሳብ ሥራው ብቻ ይወሳል። ለገጠር ሰው ግን የአስተዳዳሪነቱ ዘመን ከሒሳቡ የማያንስ ትምህርት አለው። በአውራጃው ውስጥ የቡርጉዋን ረግረግ የሚባል ሰፊ ውኃ ያቆረ መሬት ነበር። ከረግረጉ የሚነሣው የወባ ትኩሳት በዙሪያው ያለውን ሕዝብ ያረግፍ ነበር። ውኃውን ለማፍሰስ ከመቶ ዓመት በላይ ቢሞከርም አልተሳካም። መሐንዲስ ጠፍቶ አልነበረም፤ ችግሩ ስምምነት መጥፋቱ ነበር። በረግረጉ ዙሪያ ያሉት ከሠላሳ በላይ የሚሆኑ የገጠር ማኅበረሰቦች ከብቶቻቸውን በዚያ ያግዱ ነበር፤ መሬቱ ከደረቀ ሌላ ባለቤት ይወስድብናል ብለው ይሠጉ ነበር።

ፎሪየር ትእዛዝ ጽፎ በፖሊስ ከማስፈጸም ይልቅ ሰዎቹን እየዞረ ማነጋገርን መረጠ። የእያንዳንዱን ወገን ሥጋት አዳመጠ፤ ከመሬቱ ማን ምን እንደሚያገኝ አስረዳ፤ በመጨረሻም ሁሉም የተስማሙበት ውል ተፈረመ። ረግረጉ ተንጣፈፈ፤ መሬቱ ታረሰ፤ ትኩሳቱም ቀነሰ። ግርኖብልን ከጣሊያኗ ቱሪን ጋር የሚያገናኘው የተራራ መንገድ ሥራም በእርሱ አስተዳደር ዘመን የተከናወነ ነው።

ይህን ሁሉ ሲሠራ ማታ ማታ ሌላ ጥያቄ ያብሰለስል ነበር፤ ሙቀት በአንድ ነገር ውስጥ እንዴት ይጓዛል የሚል። ጥያቄው ለእኛ ሩቅ አይደለም። እሳቱ ከመካከሉ የበረታ ምጣድ ጠርዙ ቀዝቃዛ ይሆናል፤ ቆይቶ ግን ሙቀቱ እየተዳረሰ ይሄዳል። ከአንድ ሰዓት በኋላ በእያንዳንዱ የምጣዱ ቦታ ሙቀቱ ስንት ይሆናል? ፎሪየር የብረት ቀለበት እያጋለ በየቦታው ሙቀቱን ለካ፤ ለጥያቄውም በሒሳብ ቀመር መልስ ፈለገ።

መንገዱ እንዲህ ነው። የሙቀቱ ሥርጭት ምንም ያህል የተዘበራረቀ ቢሆን፣ እንደ ውኃ ማዕበል ከፍ ዝቅ የሚሉ ቀላል ሞገዶች ድምር አድርጎ መጻፍ ይቻላል አለ። አንዳንዱ ሞገድ ሰፊና ዝግተኛ ነው፤ አንዳንዱ ጠባብና ፈጣን ነው። በአንድ ጆንያ የተቀየጠ እህል ተለቅሞ ይህን ያህል ስንዴ፣ ይህን ያህል ገብስ፣ ይህን ያህል ባቄላ ተብሎ እንደሚመዘገብ ሁሉ፣ የተዘበራረቀውም ሥርጭት ከእያንዳንዱ ሞገድ ምን ያህል እንዳለበት ተለይቶ ይመዘገባል። ከመዝገቡም ተነሥቶ ዋናውን መልሶ መሥራት ይቻላል።

ሞገዶቹ ከተለዩ በኋላ ትልቁ ነገር ታየ። ጠባቦቹና ፈጣኖቹ ሞገዶች ቶሎ ይጠፋሉ፤ ሰፊዎቹና ዝግተኞቹ ግን ረዥም ጊዜ ይቆያሉ። ፎሪየር ይህን ከመሬት ሙቀት ጋር አያይዞ አሳይቷል። የአፈሩ ገጽ ቀን ይሞቃል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ ይህ ፈጣኑ ሞገድ ነው። በዓመት ውስጥ ደግሞ ሞቃቱና ቀዝቃዛው ወቅት ይፈራረቃሉ፤ ይህ ዝግተኛው ነው። የቀንና የሌሊቱ ለውጥ ወደ አፈሩ ጥቂት እንደወረደ ይጠፋል። የዓመቱ ለውጥ ግን 19 እጥፍ ያህል ጠልቆ ይወርዳል። በጥልቅ ጉድጓድ የተቀመጠ እህል የቀኑን ሐሩር የማያውቀው በዚህ ምክንያት ነው። ተፈጥሮ ራሷ ዝርዝሩን አስቀድማ ትደመስሳለች፤ ዋናውን መልክ ግን ታቆያለች።

ፎሪየር ይህን ሥራ በዲሴምበር 1807 ለፓሪስ የሊቃውንት ተቋም አቀረበ። መርማሪዎቹ ላግራንዥ፣ ላፕላስ፣ ሞንዥና ላክሯ ነበሩ። ከእነርሱ ሦስቱ የቀድሞ መምህሮቹ ናቸው። ላግራንዥ ማንኛውም ሥርጭት የሞገዶች ድምር ሊሆን ይችላል የሚለውን ሐሳብ አልተቀበለም። ሥራው ሳይታተም ቀረ። ተቋሙ ቆየት ብሎ በዚሁ በሙቀት ጉዳይ ላይ የሽልማት ውድድር ሲያውጅ ፎሪየር ጽሑፉን አሻሽሎ በ1811 አቀረበና አሸነፈ። ሽልማቱ ግን ማረጋገጫው ጥብቅነት ይጎድለዋል ከሚል ነቀፌታ ጋር የተሰጠ ነበር። ጽሑፉ አሁንም ወዲያው አልታተመም።

ነቀፌታው ፍጹም ከእውነት የራቀ አልነበረም። ፎሪየር ወደ ትክክለኛው ውጤት ደርሶ ነበር፤ ሐሳቡ የት ድረስ እንደሚሠራ ግን በሚገባ አላረጋገጠም ነበር። የሞገዶቹ ድምር መቼ እንደሚሠራ በጥብቅ ማረጋገጫ ያሳየው ዲሪክሌ የተባለው ወጣት የሒሳብ ሊቅ ሲሆን፣ ያም የሆነው በ1829 ነው። ፎሪየር ግን እስከዚያ ድረስ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። በ1822 የሙቀትን የሒሳብ ትንታኔ የያዘውን ታላቅ መጽሐፉን አሳተመ። ከመጀመሪያው ጽሑፍ እስከ መጽሐፉ ዐሥራ አምስት ዓመታት አለፉ።

በመካከሉ የፖለቲካው ማዕበል እንደገና ነክቶታል። በ1815 ናፖሊዮን ከግዞት አምልጦ ሲመለስ ፎሪየር በንጉሡና በቀድሞ አለቃው መካከል ተጨነቀ። ናፖሊዮን የሮን አውራጃ አስተዳዳሪ አድርጎ ቢሾመውም ሹመቱ አልዘለቀም። ናፖሊዮን ዳግመኛ ሲወድቅ ፎሪየር ያለ ሥራ ፓሪስ ገባ። በ1816 የሳይንስ አካዳሚ አባል ሆኖ ሲመረጥ ንጉሡ ሉዊ 18ኛ ምርጫውን ሳያጸድቁ ቀሩ። በማግስቱ ዓመት እንደገና ተመረጠ፤ ይህኛው ጸደቀ። በ1822 የአካዳሚው ቋሚ ጸሐፊ ሆነ። በ1824 ባሳተመው ሌላ ጽሑፍ ደግሞ የምድርን ሙቀት መርምሮ፣ አየሩ የፀሐይን ብርሃን አሳልፎ ከምድር የሚወጣውን ሙቀት ግን እንደሚይዝ አመለከተ። ዛሬ ስለ አየር ንብረት ለውጥ በሚነገረው ሁሉ ውስጥ ይህ ሐሳብ አለበት።

ሙቀትን የመረመረው ሰው ራሱ ብርድ የማይችል ነበር። ከግብፅ ከተመለሰ በኋላ ክፍሉን በእሳት እያሞቀ፣ በበጋም ሳይቀር በወፍራም ልብስ ተጠቅልሎ ይኖር እንደነበር የሚያውቁት መስክረዋል። ሚስት አላገባም፤ ልጅም አልተወም። ሜይ 16 ቀን 1830 በ62 ዓመቱ ፓሪስ ውስጥ ዐረፈ። ስሙ በኤፍል ማማ ላይ ከተጻፉት የ72 ሊቃውንት ስሞች አንዱ ነው።

ይህ ሁሉ ከአርሶ አደሩ የስንዴ ቅጠል ጋር የተገናኘው ፎሪየር ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ምስልም ቢሆን ሥርጭት ነው፤ በምጣድ ላይ ያለው ሙቀት ከቦታ ቦታ እንደሚለያይ ሁሉ፣ በምስል ላይ ያለው ብርሃን ከነጥብ ነጥብ ይለያያል። ስለዚህ ምስልንም የሞገዶች ድምር አድርጎ መጻፍ ይቻላል። በ1974 ናሲር አሕመድ የተባለው የሕንድ ተወላጅ መሐንዲስ ከናታራጃንና ከራኦ ጋር ሆኖ ለዚህ ሥራ የሚመች፣ የፎሪየር ዘዴ የቅርብ ዘመድ የሆነ ስሌት አሳተመ። በ1992 ደግሞ በዚሁ ስሌት ላይ የተመሠረተው ጄፔግ የተባለው ዓለም አቀፍ የምስል ደረጃ ወጣ። በስልካችን የምናነሣው ፎቶግራፍ አብዛኛው የሚቀመጠው በዚህ መልክ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ብርሃኑና ቀለሙ ይለያያሉ። የሰው ዐይን የብርሃንን ልዩነት ከቀለም ልዩነት ይልቅ አጥርቶ ስለሚያይ፣ ቀለሙ ብዙ ጊዜ በጥቂት ነጥብ ብቻ ይመዘገባል። ቀጥሎ ምስሉ፣ እንደ ጓሮ አትክልት መደብ፣ ጎናቸው 8 በ8 ነጥብ ወደሆኑ ትናንሽ መደቦች ይከፈላል። በእያንዳንዱ መደብ ያሉት 64 ነጥቦች በ64 የሞገድ ዓይነቶች ይለወጣሉ። የመጀመሪያው የመደቡን አማካይ ብርሃን ይናገራል፤ ተከታዮቹ ቀስ ያለውን ለውጥ፣ የመጨረሻዎቹም እጅግ ፈጣኑንና ደቃቁን ለውጥ ይናገራሉ።

ከዚህ በኋላ ምስሉን የሚያቀልለው እርምጃ ይመጣል። የሞገዶቹ መጠን በተወሰኑ ቁጥሮች እየተካፈለ ወደ ቅርቡ ሙሉ ቁጥር ይጠጋጋል። ፈጣኖቹ ሞገዶች በትልልቅ ቁጥሮች ስለሚካፈሉ አብዛኞቹ ዜሮ ይሆናሉ። የተደረደሩ ዜሮዎችን በአጭሩ መመዝገብ ይቻላል። የቀሩት ቁጥሮችም ዴቪድ ሃፍማን የተባለው አሜሪካዊ በ1952 ባሳተመው ዘዴ፣ ደጋግሞ የሚመጣው አጭር ምልክት፣ አልፎ አልፎ የሚመጣው ረዥም ምልክት እየተሰጠው ይጻፋሉ። እንዲህ ሆኖ 36 ሜጋባይቱ ወደ ጥቂት ሜጋባይት ይወርዳል። በመሬት ውስጥ ፈጣኑ ሞገድ አስቀድሞ እንደሚጠፋ ሁሉ፣ በምስሉም ውስጥ መጀመሪያ የሚጣለው ፈጣኑ ሞገድ ነው።

አርሶ አደሩ ልብ ሊለው የሚገባው ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ጨመቃው የሚጥለው ደቃቁን ዝርዝር ነው። ለሠርግ ፎቶግራፍ ይህ ጉዳት የለውም፤ የሰማዩና የግድግዳው ደቃቅ ለውጥ ቢጠፋ ማንም አያስተውለውም። በስንዴ ቅጠል ላይ ግን የሚፈለገው ያው ደቃቁ ነው። ቢጫ ዋግ የሚታወቀው በቅጠሉ ርዝመት እንደ መስመር በተሰለፉ ደቃቅ የዱቄት ነጥቦች ነው፤ የቅጠል ዋግ ነጥቦች ግን እንዲህ ሳይሰለፉ ይበተናሉ። ምስሉ ከመጠን በላይ ከተጨመቀ ነጥቦቹ ይዋሐዱና ቅጠሉ በጥቅሉ ቢጫ ብቻ ሆኖ ይታያል። ያን ጊዜ በሽታውን ከማዳበሪያ እጥረት መለየት ያስቸግራል።

ስለዚህ የምስሉን መጠን ለመቀነስ ለሚፈልግ ሰው የሚከተሉት ነገሮች ይጠቅሙታል። ቅጠሉን በቂ ብርሃን ባለበት፣ ስልኩን አስጠግቶ፣ ጥርት አድርጎ ማንሣት ይገባል፤ ነጥቡ በምስሉ ላይ ትልቅ ሆኖ ከታየ ጨመቃው በቀላሉ አያጠፋውም። የማይፈለገውን ሰማይና መሬት ቆርጦ ማስቀረት ጥራቱን ሳይነካ መጠኑን ይቀንሳል። የምስሉን ወርድና ቁመት በግማሽ ማሳነስ ደግሞ የነጥቦቹን ብዛት ወደ ሩብ ያወርደዋል፤ ለማሳው ጠቅላላ ገጽታ ይህ ይበቃል፤ ለበሽታ ምርመራ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል።

የተጣለው ዝርዝር ተመልሶ አይመጣም። ጄፔግ ምስል በተስተካከለና በተቀመጠ ቁጥር እንደገና ሊጨመቅና ተጨማሪ ዝርዝር ሊያጣ ስለሚችል የመጀመሪያውን ቅጂ ሳይነኩ ማኖር ይገባል። እንደ ቴሌግራም ባሉ መተግበሪያዎች ምስሉ እንደ ፎቶ ሲላክ ይጨመቃል፤ እንደ ፋይል ሲላክ ግን እንዳለ ይደርሳል። ባለሙያው ነጥቡን መቁጠር ካለበት፣ ቢዘገይም እንደ ፋይል መላኩ ይሻላል። የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተርና ሌላ ጽሑፍ ያለበት ሰነድም እንዲሁ ነው። በጥቁሩ ፊደልና በነጩ ወረቀት መካከል ያለው ድንገተኛ ለውጥ ፈጣን ሞገዶችን ስለሚፈልግ፣ አብዝቶ ሲጨመቅ በፊደሎቹ ዙሪያ ብዥታ ይፈጠራል፤ የማኅተሙና የቁጥሩ ጥራትም ይቀንሳል። እንዲህ ላለው ሰነድ ዝርዝር የማይጥለውን ፒኤንጂ የተባለውን የፋይል ዓይነት መጠቀም የተሻለ ነው።

ፎሪየር ስልክ አላየም፤ ፎቶግራፍም በዘመኑ ገና አልተስፋፋም ነበር። እርሱ የጠየቀው ሙቀት እንዴት እንደሚጓዝ ብቻ ነው። ሐሳቡን መምህሮቹ ባይቀበሉለትም አልተወውም፤ የረግረጉን ውኃ ሲያፈስስ እንዳደረገው ሁሉ ታግሦ ቀጠለበት። ዛሬ ከማሳው መካከል የሚላከው የስንዴ ቅጠል ምስል በደካማ ኔትወርክ የሚደርሰው የእርሱ ሐሳብ ስላለበት ነው። ምን ይጣል፣ ምን ይቆይ የሚለውን መወሰን ግን የሒሳቡ ብቻ ሥራ አይደለም። ቅጠሉን የሚያውቀው አርሶ አደሩ ነው፤ ከመላኩ በፊት ምስሉን አጉልቶ ነጥቦቹ መታየታቸውን ማረጋገጥም የእርሱ ፈንታ ነው።